የመጀመሪያ ክራሬን ልገዛ ነው፤ ምኑን ልይ?

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። ዕድሜዬ 38። ቀኑን ሙሉ ቢሮ ውስጥ ቁጥር ስደምርና ስቀንስ እውላለሁ። ሙዚቃ ተምሬ አላውቅም። ክራር ሲመታ ስሰማ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ ልቤ ይሸፍታል።

ከሁለት ዓመት በፊት ባሕር ዳር ለሥራ ሄጄ ከአንድ የስጦታ ዕቃ ሱቅ አንድ ገዝቼ ነበር። ሱቁን አልጠራም። ክራሩ ሲያዩት ያምራል፤ እንጨቱ ያብለጨልጫል፣ ቆዳው ላይ ታንኳና ፀሐይ ተስሎበታል። ቤት አምጥቼ ክሩን ስወጥረው ይላላል፣ ስወጥረው ይላላል። አንድ ሳምንት ታገልኩ። ከዚያ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት። እንግዳ ሲመጣ ያደንቀዋል፤ አንዷን ምታልን ሲለኝ ቡና ልቅዳ ብዬ እነሳለሁ። ፎቶውን አያይዤላችኋለሁ።

አሁን ደህና ክራር መግዛት ፈልጌያለሁ። ጥያቄዬ ሦስት ነው። ገበቴው (ቆዳው የሚወጠርበት ጎድጓዳው ሆዱ) የእንጨት ይሁን የብረት? ክሩ 5 ይሁን 6? መቃኛው የድሮው ይሁን እንደ ጊታር ባለ ቁልፍ? ገንዘቤ ብዙ አይደለም። ሁለተኛ ጊዜ መሞኘት ግን አልፈልግም። የምታውቁ እስቲ ንገሩኝ።

ይህን የለጠፍኩት መጋቢት አጋማሽ ላይ ነው። አሁን ነሐሴ ገብቷል፤ መልሱ 36 ደርሷል። ክሩ ረዘመ፣ ተወጠረ፣ አንድ ሁለቴም ሊበጠስ ነበር (የክራሩን ሳይሆን የውይይቱን ማለቴ ነው)። ከመሀል ለሚገቡ ሰዎች እንዲቀላቸው ማን ምን እንዳለ በራሴ አነጋገር ላስቀምጥ። የማንንም ቃል እንዳለ አልገለበጥኩም።

መልስ 1 የመጣው ከአንድ የፍኖተ ሰላም መምህር ነው። ገና ምንም ሳልገዛ እንኳን ደስ አለህ ብሎ ጀመረ። ቀጥሎ ጥያቄዬን በጥያቄ መለሰልኝ። ልደረድር ነው ወይስ ልገርፍ? ልዩነቱን አላውቅም ነበር። ድርድር ክሩን በጣት አንድ በአንድ እየነኩ መጫወት ነው። ግርፍ ደግሞ ሁሉንም ክር በመምቻ ጠራርጎ መምታት ነው፤ የግራ እጅ ጣቶች የማይፈለጉትን ክሮች አፍነው ይይዛሉ፣ የሚፈለገውን ብቻ ይለቃሉ። ማታ ማታ ቤቱ ቁጭ ብሎ ለሚያንጎራጉር ሰው ድርድር ይበቃል፣ ለእሱም ለስላሳ ክርና ቀለል ያለ ክራር ይመቻል ነው የሚለው። ግርፍ ካማረኝ ግን ጠንከር ያለ ቋሚ (ከገበቴው ወጥተው የላይኛውን አግዳሚ ከሚሸከሙት ሁለት እንጨቶች አንዱ) እንደሚያስፈልገኝ ጨመረ። ጨዋ ሰው ነው። እስከ መጨረሻው እንደ ጨዋ ቆየ፤ ሁሉም እንዲህ አልሆነም።

መልስ 2 ላይ አንድ የባሕር ዳር ወጣት ምን ታደክማለህ፣ ኤሌክትሪክ ክራር ግዛና ተገላገል የሚል ነገር ጻፈ። ስፒከር ላይ ስትሰካው ስህተትህም ያምራል ባይ ነው። በመልስ 3 የሞጣ ሰው ተቆጣ። የገዛ ጣቱን ድምፅ ለይቶ ያልሰማ ጀማሪ ስፒከር ሲያገኝ የሚማረው ጎረቤት ማስመረር ብቻ ነው አለ። እኔ በቀጭን ግድግዳ ተለያይተን ስለምንኖረው አከራዬ አሰብኩና ከሞጣው ሰው ጋር ቆምኩ።

መልስ 4 ላይ አንድ አባት ገቡ። ከቢቸና አካባቢ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ እንጨት ሲጠርቡ፣ ክራርም ሲሠሩ የኖሩ። ጽሑፋቸው ረጅም ነው፤ ከላይ እስከ ታች አራት ነጥብ የለውም። ሦስቴ አነበብኩት። የድሮውን ክራሬን በሽታ ከፎቶው ብቻ አወቁት።

አንደኛው በሽታ ቀንበሩ ነው፤ ክሮቹ ላይ የሚታሰሩበት አግዳሚው እንጨት። የእኔው ቫርኒሽ ተቀብቷል። የድሮው መቃኛ ቁልፍ የለውም። ክሩ በጨርቅ ወይም በቆዳ ጥብጣብ ላይ ይጠመጠማል፣ ጥብጣቡ ቀንበሩን አንቆ ይይዛል። የሚያቆመው ፍትጊያ ብቻ ነው። እንጨቱ ከተወለወለ ጥብጣቡ ምን ይያዝ? ይንሸራተታል። ሳምንት ሙሉ የታገልኩት ከጣቴ ስንፍና ጋር ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ከቫርኒሽ ጋር ነው። ሁለተኛው በሽታ ሁለቱ ቋሚዎች ናቸው። ሳይደርቅ የተሠራ ባሕር ዛፍ ነው የመሰላቸው። እርጥብ እንጨት ውሎ አድሮ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ገበቴው ላይ የተሰካበት ቦታ ይሰፋበታል፣ ይወዛወዛል። ሦስተኛው ታንኳዋና ፀሐይዋ። ቀለም ቆዳውን ያከብደዋል፤ የከበደ ቆዳ እንደ ልቡ አይንቀጠቀጥም፣ ድምፁ ይታፈናል። በአጭሩ የገዛሁት ሥዕል ነው።

ከዚያ ለወደፊቱ መከሩኝ። ክራር ሳነሳ ለመምታት እንዳልቸኩል። መጀመሪያ ቀንበሩን ይዤ እንድነቀንቀው፤ ከተንቀሳቀሰ እንድተወው። ቀጥሎ ቆዳውን ዙሪያውን በጣቴ ጫፍ መታ መታ እንዳደርገው፤ አንዱ ጎን ጠበቅ ብሎ ሌላው ሟሽሾ ከተገኘ ወጥ አልተወጠረም ማለት ነው። ገበቴውን ገልብጬ በሰም ወይም በሙጫ የተደፈነ ስንጥቅ እንድፈልግ። በመጨረሻ አንዱን ክር ልኩ ላይ አድርሼ፣ ክራሩን አስቀምጬ፣ ሻይ ጠጥቼ እንድመለስ። ስመለስ ክሩ ያው ድምፅ ላይ ከጠበቀኝ ልነጋገር እችላለሁ። ስለ ገበቴው ሲናገሩ ደስ ያለኝ ነገር አለ። እሳቸው ዋንዛ ይወዳሉ፤ ቀላል ነው፣ ለመፈልፈልም ይታዘዛል። የብረት ሳህንን ግን አላጣጣሉም። አይሰነጠቅም፣ ድምፁ ይጮሃል፣ ለግርፍ ያምራል ነው ያሉት።

ጥያቄዬ እዚያው ባለቀ ጥሩ ነበር። ሰው ግን አለ።

መልስ 5 ላይ ያው የባሕር ዳሩ ወጣት ተመለሰ። የጥብጣብ መቃኛ ጊዜው ያለፈበት ነው፣ አንተ ሰውዬ በ21ኛው ክፍለ ዘመን የጊታር ቁልፍ እያለ ጨርቅ ስትጠመጥም ትውላለህ ወይ የሚል ይዘት ያለው። ለአባትየው ነው እንግዲህ ይህ። ከመልስ 6 እስከ 8 ሦስት ሰዎች ስለ ክራር አንድም ቃል ሳይናገሩ ወረዱበት። ቁም ነገራቸው አንድ ነው፤ በአያትህ ዕድሜ ያለን ሰው አንተ ማለት የት ተማርክ ነው። አንዷ የጎጃም ልጅ መሆኑን ተጠራጠረች። ልጁ በመልስ 9 ይቅርታ ጠየቀ። በይቅርታው ውስጥ አንቱ የሚለውን አራት ጊዜ ደጋገመው፤ ማካካሻ መሆኑ ነው። ስለ ቁልፉ ግን ከአቋሙ ንቅንቅ አላለም።

ደግሞም ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። ይህን ያሉት ራሳቸው አባትየው ናቸው፣ በመልስ 10። ለሚፈልግ ሰው ባለ ቁልፍም ይሠሩ እንደነበር ተናገሩ። ቁልፍ ይዞ ይቆያል፣ በጥቂቱ ማጥበቅና ማላላትም ይመቻል። ችግሩ ክብደቱ ነው። ስድስት የብረት ቁልፍ ላይኛው ጫፍ ላይ ሲደረደር ክራሩ ጭን ላይ አልረጋ ይላል፣ ወደ ፊት ይደፋል። ለዚያ ቋሚዎቹ ወፈር መደረግ አለባቸው። በቀጭን ቋሚ ላይ ቁልፍ የተገጠመበት ካየሁ ፋሽን ነው ብዬ እንዳልፈው መከሩኝ። ልጁ ለዚህ መልስ ልብ የምትመስል ምልክት አስቀመጠላቸው። እርቅ ወረደ።

መልስ 11 የደጀን ሴት ናት። ስድስተኛው ክር ትርፍ ነው አለች። የእኛ ቅኝት ሁሉ አምስት ድምፅ ነው፤ ትዝታ ቢሉ ባቲ፣ አምባሰል ቢሉ አንቺ ሆዬ፣ ከአምስት አያልፍም። ስድስተኛው ክር አንዱን ድምፅ በስምንተኛ ርቀት (ያንኑ ድምፅ ከፍ ወይም ዝቅ አድርጎ) ከመድገም ውጪ አዲስ ነገር አያመጣም። እሷ በአምስት ክር 12 ዓመት ተጫውታለች፤ የጎደለባት ዘፈን የለም። የግራ እጅ ጣት አምስት ነው፣ ክሩ አምስት፣ ጨረስን ዓይነት ነገር ነው።

የፍኖተ ሰላሙ መምህር በመልስ 12 በትሕትና አረማት። ስድስተኛው ክር አዲስ ድምፅ እንደማይጨምር ተስማማ። ግርፍ ላይ ግን ድምፁን ሞላ ያደርገዋል፤ ዜማውም ወደ ላይ ሲወጣ ማረፊያ ይሆናል። ደግሞ ስድስት ክር ያለውን ገዝቶ አንዱን መተው ቀላል ነው፤ አምስቱን ገዝቶ ስድስተኛ መጨመር ግን በርኩማውን ማስቀየር ይጠይቃል። በርኩማ ቆዳው ላይ የምትቆመዋና ክሮቹ የሚያርፉባት ትንሿ እንጨት ናት። ሴትዮዋ በመልስ 13 በግማሹ ተስማማች። ግማሹን ለጊዜ እንተወው አለች።

የሚቀጥለውን ባልፈው ደስ ባለኝ። መልስ 14 ገና ከመነሻው ጦር ነው። ሰውየው የተቆጣው ጥያቄውን በዐቢይ ጾም በመጠየቄ ነው። ክራር የዘፈን ዕቃ ነው፣ የዳዊት መሣሪያ በገና ነው፣ እሱን ግዛና ነፍስህን አድን አለኝ። ከዚያ እስከ መልስ 19 ድረስ ክሩ ጦር ሜዳ ሆነ። አንዱ በገና መግዛት ማለት ክራር በትልቁ ማለት እንዳልሆነ አስረዳ። አሥር ክር አለው፣ ቁመቱ ተቀምጦ የሚደረድረውን ሰው ራስ ያልፋል፣ ያ የሚያንዘፈዝፈው ድምፁም የሚመጣው በየክሩ ሥር ከምትገባው ቁራጭ ቆዳ ነው፤ የራሱ ትምህርት አለው። ክራር ለመማር የጠየቀን ሰው በገና ግዛ ማለት ፈረስ ላሰበ ሰው ግመል እንደ ማዘዝ ነው ሲል ደመደመ። ሌላው ደግሞ መልስ 14ን የጻፈውን ሰው በግል ሕይወቱ ገብቶ ነካው። ያንን እዚህ አልደግመውም።

የደጀኗ ሴት በመልስ 17 የጻፈችው ነበር የነካኝ። ክራር ይዛ በሰፈር ስታልፍ የሚወረወርባትን ቃል ታውቀዋለች። ትንሽ ልጅ ሆና በሬዲዮ የአስናቀች ወርቁን ክራር ስትሰማ እናቷ ሥራ አቁመው ዝም ይሉ ነበር። እኚያ እናት ጾም የማይፈቱ፣ ሰንበቴ የሚጠጡ ሴት ነበሩ። አስናቀች ተዋናይም ክራር ተጫዋችም ነበረች፤ በ2004 ዓ.ም. ነው ያረፈችው። ሴትዮዋ ክርክር አልጨመረችም። ይህንኑ ተርካ ሄደች።

መልስ 19 ላይ ደብረ ኤልያስ ቅኔ ሲማር የቆየ ሰው አረገበው። እሱ ራሱ በጾም ክራር አይነካም። በገናውን በጾም፣ ክራሩን ከፋሲካ በኋላ ያነሳል፤ ለእሱ ሁለቱ ተጣልተው አያውቁም። ሰውየውንም እኔንም ሳይነካ ነው ያለፈው። የመድረኩ አስተባባሪም ገብቶ ሁለት ጽሑፍ አነሳ፤ ለዚህ ነው ቁጥሩ ላይ 15 እና 18 የማይታዩት።

መልስ 20 ያልጠበቅኩት ነው። የዳሞት ተወላጅ ነው፤ አሁን የሚኖረው አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ። እዚያ ክራር ቢያጣ አፓላችያ በሚባሉት ተራሮች አካባቢ ሰዎች የሚጫወቱትን ማውንቴን ደልሲመር የሚባል መሣሪያ ገዛ። እንደ ጠባብ ሣጥን ረዘም ያለ ነው፤ ጭን ላይ ተጋድሞ ይመታል። ሦስት ክር አለው፤ አንዳንዱ ለተጫዋቹ የሚቀርበውን ክር ድርብ ያደርጉትና አራት ይሆናል። ዜማው በዚያ በቅርቡ ክር ይሄዳል፣ ሌሎቹ ሁለቱ ከሥር አንድ ድምፅ ይዘው ያጉረመርማሉ። አንገቱ ላይ ያሉት የብረት መስመሮች እንደ ጊታር ሁሉንም ድምፅ አይሰጡም፤ መሀል መሀሉ ላይ የተዘለለ አለ። ለዚህ ነው ጀማሪ እንኳ ቶሎ ዜማ የሚያወጣበት። ጀርመኖች ይዘውት ከሄዱት ሻይትሆልት ከሚባል መሣሪያ የመጣ ነው ይባላል። ከተራራ አውርዳ ለከተማ ሰው በማስተዋወቅ ስሟ የሚነሳው ደግሞ ጂን ሪቺ የምትባል የኬንተኪ ዘፋኝ ናት፤ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1922 ተወልዳ በ2015 አረፈች።

ይህ ሁሉ ከእኔ ክራር ጋር ምን አገናኘው? ሰውየው ራሱ ወደዚያ መጣ። እሱም እንደ እኔ መጀመሪያ የገዛው ለጌጥ የተሠራውን ነው። እዚያም የስጦታ ሱቅ አለ፣ እዚያም ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ደልሲመር አለ። መልኩ ልክ ነው፣ የብረት መስመሮቹ ግን በተሳሳተ ቦታ ተተክለዋል፤ ምንም ቢቃኝ ይዋሻል። በኋላ አንድ ሽማግሌ መፈተኛውን አሳዩት። ክሩን ባዶውን መታ አድርግ፣ ከዚያ 7ኛው መስመር ላይ ይዘህ ምታው፤ ሁለቱ ያው ድምፅ፣ አንዱ በስምንተኛ ከፍ ብሎ መሆን አለበት። ካልሆነ ሣጥን ነው የገዛኸው። ሌላም ነገር አስተዋለ። ደልሲመር ላይም የዜማው ዓይነት ሲለወጥ ክር ይጠብቃል ወይም ይላላል። ሬ ላ ሬ ተብሎ ይቃኛል፣ ሌላ ዓይነት ዜማ ሲመጣ የዜማው ክር ወደ ላ ይወርዳል። ልክ እንደ እኛው።

እዚህ ላይ ነው ለእኔ የበራልኝ። ክራር ላይ ጣት አስቀምጠህ ድምፅ አትለውጥም። አምስት ክር፣ አምስት ድምፅ፣ በቃ። ከትዝታ ወደ ባቲ ልሂድ ካልክ ክሩን ራሱን መቀየር አለብህ። የፍኖተ ሰላሙ መምህር በመልስ 21 በምሳሌ አሳየን። ትዝታ ዶ ሬ ሚ ሶል ላ ነው። ሚን እና ላን ግማሽ ድምፅ ዝቅ ስታደርጋቸው ያው ትዝታ ማይነር ሆኖ ሆድ ያባባል። ሁለት ክር ትነካለህ፣ ዓለሙ ይለወጣል። እንግዲህ መቃኛው የማይይዝ ክራር ድምፁ ምንም ቢያምር ምን ይሠራል? በየዘፈኑ መሀል ይከዳሃል። እንጨት ወይስ ብረት፣ አምስት ወይስ ስድስት እያልኩ ስጠይቅ የቆየሁት ሁሉ ከቀንበሩ ቀጥሎ የሚመጣ ጥያቄ ነበር።

መልስ 22 ደልሲመሩን ከማሲንቆ ጋር አመሳሰለው፤ መልስ 23 ማሲንቆ አንድ ክር ብቻ ስላለው ከሥር የሚያጉረመርም ትርፍ ክር ከየት ይመጣል ብሎ አሾፈበት። መልስ 24 ሁላችንንም ትቶ ዋሽንት ግዙ አለ። አራት ቀዳዳ፣ ኪስ ውስጥ የሚገባ፣ የማይቃኝ። አጭርና ጥሩ መልስ ነበር፤ ማንም አልሰማውም።

ምክንያቱም መልስ 25 ላይ አንድ የአዴት ሰው ባቲም አምባሰልም የወሎ ቦታ ስም መሆናቸው እንዴት ነው፣ ጎጃም ለምን በስሟ ቅኝት የላትም ብሎ አዲስ እሳት ለኮሰ። የወሎ ሰው መኖሩን ያወቅነው ያን ጊዜ ነው። በመልስ 26 ብቅ ብሎ ለእናንተ ቅኔውን ሰጥተናችሁ ዜማውን ወሰድን፣ ምን አጣላን አለ። ቅኔ የጎጃሙ ዋሸራ ሲባል ያልሰማ የለም፤ የአዴቱም ሰው ሳቀ መሰለኝ፣ ዝም አለ።

መልስ 27 ወደ ቁም ነገር መለሰን። ክራሩን ከአዲስ አበባ ገዝቶ በአውቶቡስ ወደ ደብረ ማርቆስ ያመጣ ሰው ነው። ጎሐ ጽዮን ላይ ቃኝቶት ነበር፣ ለመንገደኛው ሊጫወት። ዓባይ በረሃ ሲወርዱ ሙቀቱ ቆዳውን አደረቀው፣ ወጠረው፤ ድምፁ ሁሉ ወደ ላይ ተሰቀለ። ደጀን ወጥተው ብርድ ሲመታው ደግሞ ተመልሶ ወረደ። በሁለት ሰዓት ውስጥ ሦስት ዓይነት ክራር ነበረኝ ነው የሚለው። ተሳፋሪው አንድ ዘፈን ሳይሰማ ገባ። ከሩቅ የሚያስመጣ ሰው ክራሩን ሁለት ቀን ሳያሳድር እንዳይፈርድበት መከረ።

በመልስ 28 አንዲት የእንጅባራ ሴት ስለ ክረምቱ ጨመረች። እርጥበት ሲገባ ቆዳው ይላላል፤ እሷ ከሰል ምድጃ ጥግ ታስቀምጠዋለች። ቢቸናዊው አባት በመልስ 29 ደነገጡ። ከምድጃ አርቂው ልጄ አሏት፣ ቆዳው ቶሎ ይሞቃል፣ እንጨቱ ግን ይሰነጠቃል። ረፋድ ላይ ፀሐይ ስትወጣ ደጅ ትንሽ ማቆየት ይበቃል። ስለ ክርም እዚያው ላይ ተናገሩ። የበግ ጅማት ድምፁ እንደሚጣፍጥ፣ ግን በክረምት እንደሚያስቸግር፤ ከብስክሌት ፍሬን ሽቦ የሚፈተለው ክር እንደሚጮህ፣ ግን የጀማሪን ጣት እንደሚቆርጥ። ለእኔ ናይለን መረጡልኝ። ጣና ዳር ያሉ ልጆች ለዓሣ ማጥመጃ የሚሸጠውን ናይለን በየውፍረቱ ገዝተው ይጠቀማሉ፤ እሱ በቂ ነው አሉ።

መልስ 30 አስቀያሚ ነው። አንድ ከዚህ በፊት ያልታየ ሰው ሽማግሌው ገበያ እያሟሟቁ ነው፣ ምክሩ ሁሉ ማስታወቂያ ነው ብሎ ጻፈ። መልስ 31 የባሕር ዳሩ ወጣት ነው፤ ያው በአንተ የተነሳው ልጅ። አሁን ጠበቃቸው ሆነ፣ ያውም ያለ ልክ ተሳድቦ። አባትየው በመልስ 32 መልሳቸው ሁለት መስመር ነበር። ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ ትእዛዝ አይቀበሉም። የተሰበረ ብቻ ይጠግናሉ።

መልስ 33 የእኔ ነው። ከፋሲካ በኋላ የፍኖተ ሰላሙ መምህር የሚያውቀው አንድ ተጫዋች ያገለገለ ክራሩን ሊሸጥ መሆኑን ነገረኝና እሑድ ሄድኩ። መምህሩም አብሮኝ መጣ፤ እስኪ ጆሮ ላበድርህ ብሎ። የዋንዛ ገበቴ፣ ስድስት ክር፣ የጥብጣብ መቃኛ። ቀንበሩ ቀለም አይቶ አያውቅም፣ ጥብጣቡ በቆየበት ቦታ ሁሉ ጎርጎድ ብሏል። ነቀነቅኩት። ዙሪያውን መታ መታ አደረግኩት። ገለበጥኩት። መምህሩ አንዱን ክር ቃኝቶ ሰጠኝና ሻይ ልንጠጣ ወጣን፤ ሻጩ ግራ ገብቶት ከኋላችን ያየን ነበር። ስንመለስ ክሩ እዚያው ነው። ሳልከራከር ከፈልኩ። መምህሩ በዚህ በኋላ ተቆጣኝ፤ ትንሽ ማስቀነስ ይቻል ነበር።

መልስ 34 ዋጋውን ጠየቀ። መልስ 35 እሱን በግል ጠይቀው አለ።

ሐምሌ ላይ ደብረ ማርቆስ እንዴት እንደሚዘንብ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ስድስተኛው ክር፣ ከድሮው ባለቤት የቀረችው ብቸኛዋ ጅማት፣ አንድ ሌሊት ጧ ብላ ተበጠሰች። ሌባ መሰለኝ። ቆዳውም ወደ አንድ ጎን ላላ ብሏል። ፎቶ አንስቼ ለጠፍኩ። አባትየው በመልስ 36 እንዳልነካው ነገሩኝ። በዚህ እርጥበት የተወጠረ ቆዳ በጋ ሲገባ ያለ ልክ ይጠብቃል፤ መስቀል ካለፈ በኋላ ይዤው ቢቸና እንድመጣ፣ ቆዳውን አብረን እንድንወጥረው።

ያንኛው ባለ ታንኳ አሁንም ግድግዳው ላይ ነው። ይኼኛውን ከምድጃው አርቄ አስቀምጬዋለሁ። የደጀኗ ሴት እስከ መስከረም ስትስቅብኝ ትከርማለች፤ በአምስት ክር እየተጫወትኩ ነው።